ለታሸገ የችግኝ መብራት የትኛው ፋን ይሻላል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ለቲማቲም ችግኝ ባለ 600 ዋት የሶዲየም መብራት በመስታወት በተዘጋ መያዣ ውስጥ ሰቅያለሁ። ሙቀቱን በቱቦ ወደ ውጭ ለማስወጣት ተራው የመታጠቢያ ቤት ፋን ይበቃ ይሆን?

መላሽ (ደሴ)፦ አይበቃም። ቱቦው በረዘመና በታጠፈ ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ፋን ጉልበት ስለሚከዳው፣ ሴንትሪፉጋል የሚባለውን (አየሩን በሚሽከረከር ጎማ ወደ ዳር እየወረወረ የሚገፋውን) የቱቦ ፋን ይፈልጉ። የሚያልፈው አየር ሙቀት ሲገባ ከነበረው ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር በባሕር ጠለል ከፍታ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ግን ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ 220 ያድርጉት፤ ለመታጠፊያዎቹ ሲባል 300 የተጻፈበትን ቢገዙ ይሻላል።

ሌላ መላሽ፦ በዚህ እስማማለሁ። ፋኑ ከመብራቱ በፊት ሆኖ ቢገፋ ሞተሩ ሙቀት አያገኘውም፤ ሆኖም መጋጠሚያዎቹ በደንብ ካልታሸጉ ሙቁ አየር ተመልሶ ችግኙ ላይ ያርፋል።