የድሮ ናፍጣ መኪና ታይሚንግ ማን ጋ ይሠራ? የኔ ጥቆማ

«ሃይሉክሴ 3ኤል ሞተር ነው፤ ናፍጣ ጨረሰኝ። የፖምፓ ታይሚንግ የሚያስተካክል ጎበዝ ሰው ጠቁሙኝ» ላልከው ወንድሜ ነው ይህ መልስ። 3ኤል የድሮው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ፖምፓ የምንለው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ነው፤ ታይሚንግ ደግሞ ናፍጣው ፒስተኑ የት ሲደርስ እንደሚረጭ የሚወስነው ልክ ነው። እኔም ተመሳሳይ ሞተር ይዤ፣ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ግማሽ አዲስ አበባን ዞሬያለሁ። የሰው ስም ግን አልሰጥህም። ጎበዝ መካኒክ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ጋራዥ ነው። ምን ዓይነት ቤት እንደምትሄድና በሩ ላይ ምን ብለህ እንደምትጠይቅ ልንገርህ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈር ውስጥ፣ በጆሮው የሚሠራ መካኒክ ጋ ነው። ፖምፓውን የሚይዙትን ብሎኖች አላላ፣ ሞተሩ እየሠራ ገፋ አደረገው፣ ጆሮውን አዘነበለ፣ «በቃ፣ አሁን ገባ» ብሎ አጠበቀው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። መኪናው ዳገት ላይ ነቃ አለ፤ ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ጠዋት ሳስነሳው እንደ ወፍጮ ቤት ይንኳኳ ጀመር። ታይሚንጉ ከሚገባው በላይ ቀድሞ ነበር። ናፍጣው ቀድሞ ሲረጭ ፒስተኑ ገና እየወጣ እያለ ይቀጣጠላል፤ የዚያን ዱላ የሚችለው ጭንቅላቱና ጋስኬቱ ነው። ሲዘገይ ደግሞ ጉልበት ያንሳል፣ ጠዋት ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ከሚቃጠለው ናፍጣ ጉልበት ብዙው በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ናፍጣ የሚበላው በአብዛኛው ይሄኛው ነው። ጆሮ ሁለቱን ይለያል፤ ልኩን ግን አይነግርህም።

ሁለተኛው ዓይነት ቤት መለኪያ ያለው ነው። ዲያል ጌጅ ይባላል፤ ፊቱ የእጅ ሰዓት ይመስላል። ፖምፓው ጀርባ መሐል ላይ ያለችውን ብሎን ፈትተው እዚያ ያስገቡታል። ሞተሩን በእጅ ወደ ኋላ መልሰው መለኪያውን ዜሮ ያደርጋሉ። ከዚያ አንደኛው ፒስተን ጫፍ እስኪደርስ በቀስታ ያዞራሉ። በዚያች ጉዞ የፖምፓው ፕለንጀር (ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ) ስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ያነባሉ፤ ቁጥሩን ከሞተሩ ማኑዋል ጋር ያስተያያሉ። ልዩነቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። በሩ ላይ የምትጠይቀው ይህንን ብቻ ነው፦ «በምን ትለካላችሁ?» «ምልክት አለው እኮ» ካሉህ መኪናህን አዙር። ፖምፓው አንድ ጊዜ በሳልቫጅ (ከሌላ መኪና በወጣ አሮጌ) ተቀይሮ ከሆነ ፍላንጁ (ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ፊት) ላይ ያለው ጭረት ለሌላ ሞተር የተጫረ ነው፤ ምንም አይጠቅምህም።

ሦስተኛው ቤንች ያለው የፖምፓ ቤት ነው። እዚህ ፖምፓው ከመኪናው ወጥቶ ማሽን ላይ ይታሰራል፤ በየፍጥነቱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ስንት ናፍጣ እንደሚሰጥ በመስታወት ቱቦ ይታያል። ውድ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀንም ይወስዳል። ግን ጋራዥ ውስጥ ፖምፓ በማዘንበል የማይድን በሽታ አለ። ሞተሩ ሲፈጥን ታይሚንጉን የሚያስቀድም ትንሽ ፒስተን ፖምፓው ሆድ ውስጥ አለች፤ የምትገፋው በውስጡ ባለው የናፍጣ ግፊት ነው። ውስጡ ካለቀ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ መኪናው ቆሞ ሲለካ ልክ ነው፣ መንገድ ላይ ግን ዘግይቷል። ሜትርህ 300,000 ካለፈና ፖምፓው ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ በቀጥታ ወደ ቤንች ሂድ።

እዚያም ቢሆን አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «ጉልበት ጨምርልኝ» አትበል። ፖምፓው ጀርባ ያለችውን የናፍጣ መጠን ብሎን ያዞሩልሃል፤ መኪናው ይነሳል፣ ጥቁር ጭሱም ይነሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከጅቡቲው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሚያቃጥለው አየር ሳይኖር ናፍጣ መጨመር ለታክሲ ሰልፈኛ ጭስ ማጠጣት ነው።

የቶዮታ ወኪል ጋም ይሠራል፤ በማኑዋሉ ነው የሚሠሩት። ለኔ መኪና ዕድሜ ግን ሂሳቡ አልተዋጠልኝም።

ስለ ዕቃ ከጠየቅህ፣ ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው ጫፍ) የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ኦርጅናል ዴንሶና ቅጂው አጠገብ ለአጠገብ ይሸጣሉ፤ ካርቶኑ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። እኔ የምመክርህ የገዛኸውን ሳትገጥም የፖምፓ ቤቱ በእጅ ፓምፕ ረጭቶ እንዲያይልህ ነው። ጉም የመሰለ ርጭት እንጂ የሚንጠባጠብ አትቀበል። ከሥሩ የምትገባዋን የመዳብ ሪንግ አዲስ አድርግ፤ አሮጌዋን መልሶ መግጠም ቁጠባ አይደለም። ናፍጣ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ሁለት ጠርሙስ ሞክሬያለሁ፤ ልዩነት አላየሁም። ቱቦ ላይ የሚታሰረውን ማግኔት የሚሸጥልህን ሰው ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኔ መኪና በሊትር 7.6 ኪሎ ሜትር ነበር የሚሄደው። የአየር ፊልትሮ ተቀየረ፤ የኋላ ፍሬኑ ይዞ ኖሮ ተለቀቀ (ከመንገድ ስትመለስ ቸርኬውን ንካው፣ የሚያቃጥልህ ካለ እሱ ነው)፤ 8.2 ገባ። ኖዝሎቹ ሲቀየሩ 8.9 ሆነ። ታይሚንጉ በመለኪያ ሲስተካከል 9.3 ላይ ቆመ። አየህ፣ ታይሚንግ ታይሚንግ ስንል የከረምነው ነገር ያመጣው ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ለዚህ ነው በመጨረሻ አሠራው የምልህ። ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ 100,000 ኪሎ ሜትር የሠራ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይቀየር፤ ታይሚንጉ ከሱ በኋላ ይለካ፣ አለዚያ ሁለቴ ትከፍላለህ።

ስትለካ ከአንድ ማደያ፣ ከአንዱ ማሽን፣ እስከ አፉ ሞልተህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ መልሰህ ሙላ። ወደ አዳማ ቁልቁል ወርደው ብቻ «12 አወጣልኝ» የሚሉትን አትስማ፤ ሲመለሱ አብረሃቸው ብትሆን ቁጥሩን አይጠሩልህም ነበር።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወንድማችን «የኔ ዲፎርዲ ነው፣ እኔስ?» ብለሃል። ያንተ አዲሱ ዓይነት የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው፣ ኮመን ሬይል የሚባለው፤ መቼ እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ፖምፓውን ገፍቼ ታይሚንግ አስተካክልልሃለሁ የሚልህ ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። አንተ የሚያስፈልግህ ኮምፒውተር የሚያነብና የኢንጀክተር ቤንች ያለው ቤት ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

ባለ 3ኤሉ ወንድሜ፣ መለኪያ ያለው ቤት ካገኘህ ፖምፓውን ከመንካታቸው በፊት ስንት እንዳነበበ አስጽፍና እዚህ ንገረን። የኔ ከልኩ ውጭ ነበር።