የመረጥነው ሰውዬ የት ገባ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ባህር ዳሮች። ሰኔ 14 ቀን 2013 ከንጋት ጀምሬ ተሰልፌ ለፓርላማ የመረጥኩት ሰውዬ እምቦጭ አረምን ከጣና እናጠፋለን፣ ሰፈራችሁ ውስጥም ኮብል ይነጠፋል ብሎን ነበር። ይኸው ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቼን አዝዬ ነው ጭቃውን የማሻግረው። ሰውዬው ስልክም አያነሳም። እንዲህ ያለውን ማን ነው የሚጠይቀው? ወይስ አምስት ዓመቱ እስኪሞላ ዝም?

ጠበቃ ቢጤ፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝቡ አመኔታ ካጣበት ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል፣ አንቀጽ 54ም ይደግመዋል። ወረቀቱ ላይ አለ። ግን በዚህ ጊዜ ፊርማ ልሰብስብ ብሎ ቤት ለቤት የሚዞር ማን ነው? አንተ ትዞራለህ?

ጀልባ ነጂው፦
ወንድሜ፣ ኮብሉን እንኳ ተወው፣ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ እንጂ የፓርላማ አይደለም። ያኔ ሲምል ማጨብጨባችን ነው ጥፋቱ (እኔም አጨብጭቤያለሁ)። እምቦጩ ግን ያናድዳል! ከ2004 ጀምሮ እያየነው ነው፣ በደንቢያ በኩል ዓሣ አጥማጁን መረብ አላስጥል ብሎታል።

እቴቴ፦
ፓርላማው ሰኔ 30 ይዘጋል ልጆቼ። ክረምት ላይ ለመራጭ ውይይት ሲመጣ አዳራሽ ገብታችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። ባለፈው አበል አለ ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ የቀራችሁትን አውቃችኋለሁ።