አዲስ ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር ከአክሲዮኑ ምን ልጠብቅ? ስለ አዮዲን አምራቹ አዮፊና ምክር ፈልጌ ነው

ጥያቄ፦ የስካን ክፍል ነርስ (ለንደን)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ሲቲ ስካን ክፍል ነው። ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ ለታካሚ በደም ሥር የምንሰጠው መድኃኒት አዮዲን ያለበት ነው። ጠርሙሱ ላይ 350 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 350 ሚሊ ግራም አዮዲን አለ ማለት ነው። አንዲት የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንግዲህ 35 ግራም ትይዛለች። ይህን ያህል ዓመት በእጄ ስይዛት አዮዲኑ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ስጠይቅ ያገኘሁት አዮፊና የሚባለውን ኩባንያ ነው። አክሲዮኑ የሚሸጠው እዚሁ ለንደን፣ ለትንንሽ ኩባንያዎች በተቋቋመው ኤይም በሚባለው ገበያ ነው፤ የአዮዲን ፋብሪካዎቹ ግን አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ናቸው። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቁጥር 9 የተባለው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር በ2,000 ፓውንድ ገዛሁ። በ2024 ቁጥር 10 ተከተለ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ፋብሪካ ሲጨምር ትርፍ ይጨምራል፣ ትርፍ ሲጨምር አክሲዮኑ ይነሣል። አክሲዮኑ ግን ከገዛሁበት ዋጋ ብዙም ፈቀቅ አላለም።

አሁን 3,000 ፓውንድ ልጨምርበት አስቤ አመነታሁ። ገንዘቡ ለልጄ ትምህርት የተቀመጠ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ያስፈልጋታል። ከአንድ ተጨማሪ ፋብሪካ ምን ያህል መጠበቅ አለብኝ? ሪፖርት ሲወጣስ ዓይኔን ምን ላይ ልጣል? የሒሳብም የኬሚካልም ሰው ስላልሆንኩ እባካችሁ ከመሠረቱ አስረዱኝ።


የጉድጓድ ሰው (ሂዩስተን)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የፋብሪካ ቁጥር መቁጠሩን ተዪው። ቁጥር 9 ሥራ ሲጀምር ኩባንያው ዘጠኝ ፋብሪካ አልነበረውም፤ ስድስት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሚሠሩት 2፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8 ብቻ ናቸው። የጎደሉት ቁጥሮች በአንድ ወቅት የነበሩ ፋብሪካዎች ናቸው። ፋብሪካዎቹ ለምን እንደሚዘጉ ከገባሽ ሥራው ራሱ ይገባሻል።

እኔ ከነዳጅ ጋር አብሮ በሚወጣ ውኃ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ነዳጅና ጋዝ ከምድር ሲወጣ ጨዋማ ውኃም አብሮ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከነዳጁ የሚበልጠው ውኃው ነው። የነዳጅ ኩባንያው አይፈልገውም፤ በቧንቧ ሰብስቦ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ መልሶ ይጨምረዋል። የአዮፊና ፋብሪካ የሚቆመው ልክ እዚያ፣ ውኃው ተሰብስቦ ወደ ምድር ሊመለስ ሲል ነው። ውኃውን ይቀበላል፤ አሲድ ይጨምርበታል፤ አዮዲኑ እንዲላቀቅ የሚያደርግ ኬሚካል ይጨምርበታል። ከዚያ ውኃው በረጅም ማማ ውስጥ ከላይ ሲወርድ አየር ከታች ወደ ላይ ይነፋበትና አዮዲኑን ይዞት ይወጣል። አየሩ ውስጥ ያለውን አዮዲን ሌላ ፈሳሽ ይይዘዋል፤ መጨረሻ ላይ ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይረጋል። ውኃው ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

አሁን ያቺን ጠርሙስሽን ላስላልሽ። በውኃው ውስጥ አዮዲኑ ከሚሊዮን 50 እጅ ነው እንበል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ ስለዚህ በአንድ በርሜል ውስጥ 8 ግራም ገደማ አለ። 35 ግራም ለማግኘት፣ ምንም ሳይባክን፣ ከአራት በርሜል በላይ ውኃ ማለፍ አለበት። አንድ ፋብሪካ በዓመት 100 ቶን እንዲያወጣ ከተፈለገ በቀን 34,000 በርሜል ገደማ ሳይቋረጥ ሊገባለት ይገባል። ይህን ሁሉ ውኃ የሚያወጣው ደግሞ አዮፊና አይደለም፤ የነዳጅ ኩባንያው ነው።

ነዳጅ ሲረክስ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ይቆማል። የነበሩት ጉድጓዶች ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማሉ። በ2015 እና 2016፣ እንደገናም በ2020 የሆነው ይህ ነው። በዚያ ላይ ኦክላሆማ ውስጥ ውኃ ወደ ምድር መመለሱ የመሬት መንቀጥቀጥ እያመጣ መሆኑ ስለታወቀ መንግሥት በአንዳንድ ቦታዎች መጠኑን ገድቧል። በመስከረም 2016 ፓውኒ አጠገብ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.8 ነበር። ፋብሪካው ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ውኃ ሊያጣ ይችላል። ክረምቱም አለ፤ ቅዝቃዜው ሲከፋ ቧንቧ ይረጋል፣ ጉድጓድ ይዘጋል። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ምርት ከሁለተኛው ቢያንስ አትደንግጪ።

የእኔ ግምት፣ ከሚከፈቱት ፋብሪካዎች የተወሰኑት አዲስ ምርት የሚጨምሩ ሳይሆኑ የደከሙትን የሚተኩ ናቸው።


ሒሳብ ሹም (ሚኒያፖሊስ)

የጉድጓድ ሰው ያሉት ስለ ውኃው ትክክል ነው፤ መደምደሚያቸው ላይ ግን አልስማማም። መተካት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ ምርቱ ባለበት ይቆም ነበር፤ አልቆመም። በ2024 ከ600 ቶን በላይ አምርተዋል፤ ቁጥር 9 ከመጀመሩ በፊት ከነበረው የተሻለ ነው። ዕድገት አለ። ጥያቄው ዕድገቱ ለአንድ አክሲዮን ስንት ይደርሰዋል የሚለው ነው።

ልጄ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ አንቺ ሪፖርቱን እያየሽ በእውነተኛዎቹ ትተኪያቸዋለሽ። አዲሱ ፋብሪካ 100 ቶን፣ ማለትም 100,000 ኪሎ ይሰጣል እንበል። አንዱ ኪሎ በ65 ዶላር ቢሸጥና ለኬሚካል፣ ለመብራት፣ ለሠራተኛና ለውኃው ባለቤት የሚከፈለው ሁሉ ተደምሮ በኪሎ 40 ዶላር ቢሆን የሚተርፈው 25 ዶላር ነው። በጠቅላላው 2.5 ሚሊዮን። ኩባንያው 192 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን አለው። ለአንዱ የሚደርሰው 1.3 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ በእንግሊዝ ገንዘብ 1 ፔንስ (የፓውንድ መቶኛ) ገደማ፤ ያውም ከግብር በፊት። አክሲዮኑ በ20 ፔንስ ይሸጣል ብንል በዓመት 1 ፔንስ ትንሽ አይደለም። ሰማይ የሚያስነካ ግን አይደለም፤ አንድ ፋብሪካ ሲከፈት አክሲዮኑ እጥፍ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ሒሳቡን አልሠራም።

አሁን ሌላውን ገጽ እይው። 600 ቶን የሚያመርት ኩባንያ የአዮዲን ዋጋ በኪሎ 1 ዶላር ሲቀንስ 600,000 ዶላር ያጣል። 10 ዶላር ቢቀንስ 6 ሚሊዮን ነው። ከላይ ያሰላነው አዲስ ፋብሪካ የዓመት ሽያጩ፣ ትርፉ ሳይሆን ሽያጩ፣ 6.5 ሚሊዮን ነው። እንግዲህ አንድ የዋጋ መውረድ የስንት ፋብሪካ ልፋት እንደሚበላ ራስሽ ፍረጂ።

ሪፖርት ሲወጣ ከርዕሱ በታች ውረጂ። እኔ መጀመሪያ የማየው ከሥራ የገባውን ጥሬ ገንዘብ ነው። ከዚያ ለአዲስ ግንባታ የወጣውን ከእሱ ላይ እቀንሳለሁ። ትርፍ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ጥሩ ሆኖ ገንዘቡ በሙሉ ተመልሶ ብረትና ማማ ውስጥ ከገባ፣ ባለአክሲዮኑ ገና እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እስካሁን የትርፍ ድርሻ ያላከፋፈሉትም ለዚህ ነው፤ ገንዘቡን ለማስፋፊያ ይፈልጉታል። ብድሩንም እይው፤ ማስፋፊያው የሚሠራው ከራሱ ከሥራው በተገኘ ገንዘብ ከሆነ ልብሽ ይረፍ፤ ብድሩ ከምርቱ ቀድሞ ከሮጠ ግን ጥያቄ ጠይቂ። መጋዘን ውስጥ ያልተሸጠ አዮዲን መከማቸቱንም ከዚያው ገጽ ታገኚዋለሽ።


የስካን ክፍል ነርስ (ለንደን)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ በወረቀት ላይ ሠራሁት። 2,000 ፓውንዱን ስገዛ ስለ አዮዲን ዋጋ አንድ መስመር እንኳን አላነበብኩም፤ አሁን ዋናው እሱ ሆነብኝ። ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? በ2022 ይህ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ጠፍቶ ቀጠሮ ሲሰረዝ መስማቴ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ አዮዲን ተወደደ ማለት ነው?


የጨው ልጅ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ የ2022ቱ እጥረት ከአዮዲን አልነበረም። ሻንጋይ በኮሮና ምክንያት ስትዘጋ እዚያ ያለው የመድኃኒት ፋብሪካ ቆመና ነው። የዋጋው ባለቤት ሌላ ቦታ ነው፤ ቺሊ።

እኔ አዮዲንን የማውቀው በጨው በኩል ነው። አዮዲን ሲያንስ የሚመጣውን እንቅርት በየገጠሩ እናቶቻችን አንገት ላይ ስናይ ነው ያደግነው። እዚህ ኢትዮጵያ በ2011 (እኔም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የወጣው ደንብ ለምግብ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ጨዉ የእኛ ነው፣ ከአፍዴራ ይመጣል፤ የሚጨመርበት፣ አዮዲኑን የያዘው ፖታሲየም አዮዴት ግን ከውጭ በዶላር ይገዛል። ስለዚህ የአዮዲን ዋጋ ሲወጣ እዚህም ይሰማል፤ እኔም ዋጋውን መከታተል የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዓለም አዮዲን ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከቺሊ፣ ከአታካማ በረሃ ነው፤ ካሊቼ ከሚባል አፈር ያወጡታል። ትልቁ አምራች ኤስኪውኤም የሚባለው የቺሊ ኩባንያ ነው። ቀጥላ ጃፓን ናት፤ ቺባ አካባቢ እንደ ኦክላሆማው ከጋዝ ጋር ከሚወጣ ጨዋማ ውኃ ታወጣለች። የዓለም ዓመታዊ ምርት ከ30,000 ቶን በላይ ስለሆነ የአዮፊና የ2024ቱ 600 ቶን ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ የያዘ ሰው ዋጋ አይተምንም፤ የተተመነውን ይቀበላል።

ታሪኩን አጥብቀሽ ያዢው። ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ ዋጋው ሽቅብ ወጣ፤ በ2012 ትልቁ የቺሊ አምራች በአማካይ በኪሎ ከ50 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ቺሊዎቹ ከዋጋው ይልቅ የገበያ ድርሻቸውን መረጡ፤ በ2017 ወደ 20 ዶላር ወርዶ ነበር። የአዮፊናን የአክሲዮን ዋጋ ሠንጠረዥ ክፈቺና ተመልከቺ፤ ፋብሪካዎች ቶሎ ቶሎ በሚተከሉበት በ2013 አክሲዮኑ ከ2 ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ20 ፔንስ በታች። ያኔም ሰው የጠበቀው አንቺ የጠበቅሽውን ነው። ከ2022 ወዲህ ዋጋው ወደ 70 ዶላር ተጠግቶ መቆየቱ ነው ፋብሪካዎቹን አዋጭ ያደረጋቸው።

በጎ ጎኑን ልንገርሽ። ፈላጊው አይቀንስም። አንቺ የምትሰጪው መድኃኒት የአዮዲን ትልቁ ተጠቃሚ ነው። የጠርሙስሽ 35 ግራም በኪሎ 70 ዶላር ሒሳብ 2 ዶላር ከ45 ሳንቲም ብቻ ነው፤ አዮዲን ቢወደድ ሆስፒታል ስካን አይተውም። የሚያሰጋው ከአቅርቦቱ በኩል ነው። ኤስኪውኤም በሰሜን ቺሊ የባሕር ውኃ በቧንቧ ወደ ማዕድኑ በመሳብ ምርቱን ለማሳደግ ይሠራል። ከአዮፊና አዲስ ፋብሪካ ይልቅ የእነሱን የሦስት ወር ሪፖርት ብትከታተዪ ስለ አክሲዮንሽ የበለጠ ትረጃለሽ። አማካይ የሽያጭ ዋጋውንም እዚያው ይጽፉታል።


የጉድጓድ ሰው (ሂዩስተን)

ሒሳብ ሹም ስለ ጠቅላላ ምርቱ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ዕድገት አለ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲስ ፋብሪካ ሲታወጅ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፦ ውኃውን የሚሰጠው የነዳጅ ኩባንያ እዚያ አካባቢ አሁንም እየቆፈረ ነው ወይ? ውሉስ ለስንት ዓመት ነው? ውሉ ረጅም ሆኖ ቁፋሮው ከቀጠለ ፋብሪካው ዕድሜ አለው። ማማውና ታንኩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል፤ የባከነው ጊዜ ግን አይመለስም።


ሒሳብ ሹም (ሚኒያፖሊስ)

የአራት ዓመቱ ነገር አሳሰበኝ፤ እስካሁን ማንም አላነሣውም። የአዮዲን ዋጋ ከጫፍ ወደ ታች ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የልጅሽ ክፍያ በታችኛው ዓመት ላይ ቢውል ፋብሪካዎቹ ደህና ሆነው እንኳን በኪሳራ ልትሸጪ ነው። አክሲዮኑ በሚሸጥበት በኤይም ገበያ ላይ ደግሞ ገዢና ሻጭ ጥቂት ነው፤ መግዣውና መሸጫው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ በቸኮልሽ ቀን የሚጎዳሽ እሱ ነው። ቀኑ የተቆረጠለት ገንዘብ ለዚህ አይሆንም። ቀኑ ያልተቆረጠ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ሊቆይ የሚችል ገንዘብ ካለሽ ያን ጊዜ ሌላ ወሬ ነው። ከጨመርሽም ከግብር ነፃ በሆነው አይሳ ሒሳብ ውስጥ አድርጊው፤ የዚህ ገበያ አክሲዮኖች ከ2013 ጀምሮ ተፈቅደውለታል።


የስካን ክፍል ነርስ (ለንደን)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 3,000 ፓውንዱን ባንክ ውስጥ እተወዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን 2,000 አልሸጥም፤ የልጄ ስላልሆነ ጊዜ መጠበቅ ይችላል። ደብተር ገዝቻለሁ፤ አምዶቹ ጠቅላላ ቶን፣ የቺሊዎቹ አማካይ ዋጋ፣ ከሥራ የገባ ጥሬ ገንዘብ፣ ለግንባታ የወጣ እና ብድር ናቸው። የፋብሪካ ብዛት የሚል አምድ የለውም። የሚቀጥለው ሪፖርት ሲወጣ የሞላሁትን እዚህ አመጣዋለሁ፤ የተሳሳትኩበትን ታርሙልኛላችሁ።