«ዐ» እና «አ» በጆሮ አልለይ አሉኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምማረው፤ ዓረብኛ። ማንበቡ ደህና ነው፤ ቃል ጽሕፈት ላይ ነው የተቸገርኩት። «ዐመል» ሥራ፣ «አመል» ተስፋ፤ «ሐረም» የተከበረ ቅጥር፣ «ሀረም» ፒራሚድ። አማርኛችን ፊደሉን ከግእዝ ወርሶ ድምፁን ስለጣለው ሁሉም አንድ ሆኖ ይሰማኛል።

«ሐ»ን ጉሮሮዬን አጥብቤ በትንፋሽ አወጣዋለሁ። «ዐ» ላይ ግን ድምፁ እየቀጠለ መጥበብ ሲገባው አንቄ አቋርጠዋለሁ፤ ያኔ «አ» ሆኖ ይቀራል። ይህን ያለፋችሁት በምን ልምምድ ነው?

ትግርኛ ሁለቱንም ድምፆች ጠብቋል። ማራኪ አካባቢ አፉን በትግርኛ የፈታ ሰው በሳምንት ሁለቴ፣ ግማሽ ሰዓት፣ 20 ጥንድ ቃላት እያቀላቀለ ቢያነብልኝ ጀርባዬን ሰጥቼ እጽፋለሁ። እባካችሁ፣ ፈቃደኛ ካለ ይጻፍልኝ።