አባቴን ያልተነካካ የእንግሊዝ ገጠር ፐብ ልወስዳቸው ነው፤ የት ይሻላል?

የለንደኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ቢግ ቤንን አዩ፣ ቤተ መንግሥቱን አዩ፣ ሙዚየም ለሙዚየም አዞርኳቸው። ትናንት ማታ ታዲያ "ለመሆኑ ያገሩ ሰው ራሱ የት ነው ተቀምጦ የሚጫወተው?" አሉኝ። ገጠር ፐብ፣ ማለትም የመንደር መጠጥ ቤት፣ ልውሰዳቸው ብዬ አሰብኩ። የከተማውን፣ ትልልቅ ቲቪ የተሰቀለበትን አይደለም። ለቱሪስት ተብሎ አሮጌ እንዲመስል የተሠራም አልፈልግም። የመንደሩ ሰው ዛሬም የሚሰበሰብበት ይሁንልኝ። መኪና የለኝም፣ ጠዋት ወጥተን ማታ መመለስ አለብን። አባቴ ቢራ በመጠኑ ይወዳሉ፤ ግን ሰው ሲያፈጥባቸው ይከፋቸዋል። የሄዳችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የሬዲንግ ልጅ፦
በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ከውጭ የሣር ክዳንና አበባ አይተህ ግን አትወስን። ብዙዎቹ ውስጣቸው ፈርሷል፤ ትንንሾቹን ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ አንስተው አንድ ሰፊ አዳራሽ አድርገዋቸዋል። ያልተነካካ የሚባለው እነዚያ ትንንሽ ክፍሎች፣ የድሮው የእንጨት አግዳሚና ምድጃው እንዳሉ የቆዩበት ነው። አንዳንዱ ጋ ባንኮኒ እንኳ የለም፣ ቢራው በግድግዳ መስኮት ነው የሚሰጥህ።

ካምራ የሚባል በ1971 የተመሠረተ ማኅበር አለ። የበርሜል ቢራ እንዳይጠፋ የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። ውስጣቸው ያልተለወጠ ፐቦችን መዝግበው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። እኔ ከየትኛውም የጉብኝት መጽሔት ይልቅ እሱን ነው የማምነው።

ለእናንተ በርክሺር ውስጥ አልድዎርዝ መንደር ያለውን ቤል ኢን እመርጣለሁ። ከ250 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ቤት ነው። ካምራ የ2019 የዓመቱ ምርጥ ፐብ ብሎ ሸልሞታል። ምግቡ ሾርባና ውስጡ አይብ ወይም ሥጋ የገባበት ዳቦ ነው፣ ትልቅ ምሳ አትጠብቁ። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ጎሪንግ ኤንድ ስትሪትሊ ትወርዳላችሁ። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገት አለበት። ለአባትህ ታክሲ ቀድመህ ያዝ፣ የመመለሻውንም ጭምር። ከመሄድህ በፊት ደግሞ ደውል፤ የገጠር ፐቦች ሰኞ የሚዘጉ፣ ከሰዓት ዘግተው ማታ የሚከፍቱም ብዙ ናቸው።

ባሕር_ዳርቻ፦
ቤል ኢን ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ግን አንድ ሌሊት ማደር ብትችሉ ዶርሴት፣ ዎርዝ ማትራቨርስ ያለውን ስኩዌር ኤንድ ኮምፓስ እንድታዩት በጣም እፈልጋለሁ። ከ1907 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ነው። ባንኮኒ የለውም፣ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈህ በመስኮት ትቀበላለህ። ጎን ላይ የቅሪተ አካል ሙዚየም አላቸው፤ አባትህ ሙዚየም ቢሰለቻቸውም ይህን ይወዱታል። ውጭ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ማየት ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ግን ያለ መኪና አልመክርህም።

ማርታ_ዘደቡብ፦
ስለ ማፍጠጡ የመለሰ ስለሌለ እኔ ልግባበት፣ ዋናው እሱ ነውና።

አዎ፣ በሩን ስትከፍቱ ሰው ዞር ይላል። ክፍሉ የአንድ ሳሎን ያህል ነው፣ የሚገባው ደግሞ ሁሌ የሚያውቁት ሰው ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በቆዳዬ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ። ትንሽ ቆይተው ከማንችስተር የመጡ ነጭ ባልና ሚስት ሲገቡ እነሱም ላይ ሁሉም ዞረ። ክፉ ሰው የለም አልልም፣ አንዳንድ ቦታ ቅዝቃዜው ይሰማል፣ ያኔ አንድ ጠጥቶ መውጣት ነው። በአብዛኛው ግን መድኃኒቱ ሰላምታ ነው። ልክ አገር ቤት ጠላ ቤት እንደሚገባ ሰው፣ ለቤቱ ሁሉ ሰላም በሉ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አንድ ቃል ይበቃል፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ትልቁ ነገር፦ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ። በነዚህ ቤቶች ለመጠጥ ወደ ጠረጴዛ የሚመጣ አስተናጋጅ የለም። አባትህ ይህን ካላወቁ "ናቁን" ይላሉ፣ ቀድመህ ንገራቸው። ባንኮኒው ጋ ሄደህ ታዛለህ፣ እዚያው ትከፍላለህ። ሰልፍ ባይኖርም ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ከፊትህ የነበረውን አስቀድም፣ በጣም ያከብሩሃል። ካርድ የማይቀበል ስላለ ጥሬ ገንዘብ ያዝ። የቤቱ ሰው ወሬ ጀምሮ ለሁላችሁም ከገዛ፣ ቀጣዩ ዙር ያንተ ነው። "እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል" ግብግብ እዚህ የለም፣ ተራ ነው።

ቢራው ቀዝቃዛ አይደለም። ከምድር ቤት 12 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አረፋውም ጥቂት ነው። አልተበላሸም፣ እንደዚያው ነው። ፓይንት የሚሉት ሙሉው ብርጭቆ 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በግማሽ ጀምሩ። የትኛው እንደሚሻል ካላወቃችሁ ማስቀመስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

የአሳማ ነገር የማትበሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። በከረጢት የሚሸጠው የተጠበሰ ቆዳ የአሳማ ነው። ስኮች ኤግ የሚሉትም እንቁላሉ በአሳማ ሥጋ የተጠቀለለ ነው። ቺፕስ ወይም አይብና ዳቦ ይሻላችኋል። ውሻ ደግሞ ውስጥ፣ እግራችሁ ሥር ሊተኛ ይችላል። ማንም አያስወጣውም፤ አባትህ የማይወዱ ከሆነ ከምድጃው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እዚያ ነው የሚያዘወትሩት።

የለንደኑ፦
ማርታ፣ እግዜር ይስጥሽ። የአስተናጋጁን ነገር ባትነግሪኝ እውነትም ተቀይመው ይወጡ ነበር። ዓርብ ነው ያሰብኩት፤ አባቴ ይጾማሉ፣ ቢራ ግን ይጠጣሉ።

ማርታ_ዘደቡብ፦
እንግዲያው ቀን ቀይር። ብዙ የበርሜል ቢራ የሚጠራው ከዓሣ አካል በሚወጣ ነገር ነው። ያለዚያ የተሠራም አለ፣ እሱን መጠየቅ ትችላለህ፤ ግን ከሾርባውና ከአይቡ ጋር ጾሙ አይመችም። ቅዳሜ ውሰዳቸው። እሑድ የገጠሩ አውቶቡስ ስለሚጠፋ ታክሲው ከቀረባችሁ መመለሻ ታጣላችሁ።

የሬዲንግ ልጅ፦
ቅዳሜ ከሆነ ሲከፈት ግቡ፣ ገጠሩን በእግር ሊዞሩ ከሚመጡት ቀድማችሁ ትልቁ ምድጃ አጠገብ ቦታ ታገኛላችሁ። ስልካችሁንም ኪስ ውስጥ አድርጉት፤ እዚያ ቤት ስልክ ማውራት አይወደድም።

የለንደኑ፦
ቅዳሜ ነው እንግዲህ። ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ፣ ታክሲውንም እይዛለሁ።