ፀረ-አይሁድ ጥላቻን የሚዋጋ ፖሊሲ አጀንዳ የሚሆነው ደም ሲፈስ ብቻ ነው?

አወያይ፦ የአውሮፓ መንግሥታት ፀረ-አይሁድ ጥላቻን የሚመለከት ፖሊሲ የሚያወጡት ጥቃት ሲደርስ ነው ወይስ ለዓመታት የሚወተውት ሰው ስላለ? ሐሳባችሁን ስጡ። ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ታዛቢው፦ ደም ሲፈስ ነው። 2012 ቱሉዝ ውስጥ የአይሁድ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ አንድ መምህርና ሦስት ሕፃናት ተገደሉ። 2014 በብራስልስ የአይሁድ ሙዚየም አራት ሰው፣ ጃንዋሪ 2015 በፓሪስ የአይሁድ ሱፐርማርኬት ሌላ አራት። የአውሮፓ ኮሚሽን ለጉዳዩ አስተባባሪ የሾመው ዲሴምበር 2015 ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉን አልክድም። ግን ድንጋጤ ሚኒስትሩን ማይክሮፎን ፊት ያቆመዋል እንጂ ሰነድ አይጽፍለትም። “ምን እናድርግ?” ሲባል የሚወጣው ቀድሞ የተዘጋጀው ነው። ጀርመንን ተመልከት፦ የፓርላማው ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ፀረ-አይሁድ ጥላቻን የሚከታተል ራሱን የቻለ ኮሚሽነር ይሾም ያለው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በርሊን ውስጥ ሰልፈኞች የእስራኤልን ባንዲራ አቃጠሉ፤ ጃንዋሪ 2018 ፓርላማው ውሳኔ አሳለፈ፣ በዚያው ዓመት ፌሊክስ ክላይን ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ያ ምክረ ሐሳብ ባይኖር ቁጣው በመግለጫ ብቻ ያልቅ ነበር።

“ጥያቄ አለኝ” (ሌላ ተሳታፊ)፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሩ ሲከፈት ማን ይገባል? ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት (IHRA) በ2016 ቡካሬስት ላይ ያጸደቀው የፀረ-አይሁድ ጥላቻ ትርጓሜ መሠረቱ በ2005 የወጣ ጽሑፍ ነው፤ መንግሥታት ተቀባበሉት። እስራኤልን የሚመለከቱት ምሳሌዎቹ ትችትን ያፍናሉ ያሉ ምሁራን በ2021 የኢየሩሳሌም መግለጫ የተባለ ሌላ ትርጓሜ ይዘው መጡ፤ ያን ጊዜ ግን የመጀመሪያው ብዙ አገር ገብቶ ነበር። ቀድሞ የደረሰ ወረቀት ያሸንፋል ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ለሁሉም ወገን አደገኛ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ይህን እቀበላለሁ። ቢሆንም ዝም ብሎ መጠበቅም መፍትሔ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2018 በ12 አገሮች ከ16,000 በላይ አይሁዳውያንን ጠይቆ ነበር። ትንኮሳ ከደረሰባቸው መካከል 79 በመቶው ከሁሉ የከፋውን እንኳ ለማንም አላመለከቱም። የፖሊስ መዝገብ ብቻ የሚያይ ፖለቲከኛ ችግሩ የለም ብሎ ያስባል። ጥናቱ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር?

ታዛቢው፦ እሺ፣ የጀርመኗን ከተማ ሃሌን ምን ትያለሽ? ኦክቶበር 9 ቀን 2019፣ ምእመናኑ በዮም ኪፑር (በአይሁድ የስርየት ቀን) ጸሎት ላይ ሳሉ ታጣቂው የምኩራቡን የእንጨት በር ደጋግሞ ተኮሰበት። በሩ ስላልተከፈተለት ነው የተረፉት፤ እሱም ውጭ ሁለት ሰው ገደለ። ደጃፉ ላይ ፖሊስ አልነበረም። ኮሚሽነሩ ከተሾሙ ግን ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል!

የሕግ ተማሪዋ፦ በጀርመን ፖሊስ በአብዛኛው የክፍላተ ሀገሩ ሥልጣን ነው፤ የፌዴራሉ ኮሚሽነር አንድ ጠባቂ እንኳ ማቆም አይችሉም። ስለዚህ ክርክሩ በርሊን ላይ ማለቅ የለበትም፤ ለየምኩራቡ ጥበቃ በጀት የሚይዘው የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ድረስ መሄድ አለበት።