ልጄ ዓይነት 1 ስኳር ተባለች፣ ለታናሹ የጂን ምርመራ ላሰራለት?

የሦስት እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! የ7 ዓመቷ ልጄ ትናንት ዓይነት 1 ነው ተብላ ኢንሱሊን ጀመረች፣ በኔም በባለቤቴም ዘር ስኳር የሚባል የለም፣ አማቴ ግን ካንቺ ወገን ነው እያሉኝ ነው፣ አሁን ደሞ የ4 ዓመቱ ወንድሟ ፍራሹን ማርጠብ ጀምሯል ውሃም ያበዛል፣ በሷ የስኳር መለኪያ ጣቱን ብወጋው 214 አለ። የጂን ምርመራ የሚሰራው እንዴት ነው?

አባ መንታ፦ አይዞሽ እህቴ። ዘር ውስጥ አለመኖሩ አይግረምሽ፣ አብዛኞቹ ዓይነት 1 ያለባቸው ልጆች ቤተሰባቸው ውስጥ የለም። የኔዎቹ ቁርጥ አንድ የሆኑ መንታ ናቸው፣ አንዱ ኢንሱሊን ላይ ነው አንዱ ደህና። ጂን ብቻ ቢሆን ሁለቱም በታመሙ ነበር።

ማር እሸት፦ ጣፋጭ ከልክይው ይወርዳል

የባዮ ቲቸር፦ አንድ ጂን የለም እኮ። ትልቁን ድርሻ የያዘው ክሮሞዞም 6 ላይ ያለው ኤችኤልኤ የሚባል የጂኖች ስብስብ ነው (መከላከያችን የራሱን ሴል ከባዕድ የሚለይበት)፣ ከዘር የሚመጣው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ዲአር3 እና ዲአር4 ከሚባሉት የኤችኤልኤ ዓይነቶች አንዱን ካንዱ ወላጅ ሌላውን ከሌላው የወረሰ ልጅ በጣም ይጋለጣል፣ የሰውነቱ መከላከያ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች እንደ ጠላት ያያቸዋል፣ ሌሎች ትንንሽ ድርሻ ያላቸው ጂኖችም አሉ፣ ለምሳሌ ክሮሞዞም 11 ላይ ያለው።

ዝምተኛው፦ ቲቸር ልጁ ፍራሽ እያረጠበ ነው ፈተና አይደለም 😂 ለአማትሽ ግን ክሮሞዞም 6 እርስዎም አለዎት በያቸው

ነርሷ፦ ጥያቄሽን እንርሳው፣ ጂን ተጋላጭነትን እንጂ መታመሙን አይነግርሽም። ያ ኤችኤልኤ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች እስከ ዕድሜ ልካቸው አይታመሙም። እጁን በሳሙና አጥበሽ አድርቀሽ ድገሚው፣ ጭማቂ የነካ ጣት ያሳስታል። ቁጥሩ ቢወርድም ጥሙና ሽንቱ ስላለ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፣ ነገ አትበይ። ካስመለሰው፣ በረጅሙ እየሳበ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም አፉ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ከሸተተ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የእህቱን ኢንሱሊን በራስሽ እንዳትወጊው!

ማር እሸት፦ እኔ እኮ ጣፋጭ ይተው ብያለሁ

ነርሷ፦ ዓይነት 1 ከጣፋጭ አይመጣም ወንድሜ፣ ጣፋጭ በመከልከልም አይድንም።

የሦስት እናት፦ አጥቤ ደገምኩ 231። ሌላው ታላቅ ወንድማቸው ምንም የለበትም እሱንስ?

ነርሷ፦ ትንሹን ይዘሽ ውጪ መጀመሪያ! ትልቁን በኋላ የአንቲቦዲ ምርመራ ጠይቂለት (የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ማጥቃት መጀመሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የወንድምና እህት ዕድል ከመቶ 5 አካባቢ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ አንቲቦዲ ከተገኘ በሽታው ገና ምልክት ሳያሳይ ጀምሯል ማለት ነው።

አባ መንታ፦ የኔው ደህናው ልጅ አንድ ብቻ ተገኘበት፣ በየጊዜው ይታያል ተባልን። ስንት ጊዜ ነው ግን የሚደገመው?